አርባ ሰው ባንዴ ሲያንኳኳ፦ ክላውድ ላይ የተቀመጠ ዲጂታል ማከማቻ ጭነት ስለ መቻሉ እንዴት ይፈተሻል?

የሥልጠናው ዓመት ሊገባደድ ሲል የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የተግባራዊ ምርምር ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። «ገና ሁለት ወር አለ» ይባላል፤ ቀጥሎ «አንድ ወር አለ» ይባላል፤ በመጨረሻም ያቺ የማትቀር ሌሊት ትመጣለች። ጽሑፍ በወረቀት ተጠርዞ ለጽሕፈት ቤት ይሰጥ በነበረበት ጊዜ የዚያች ቀን ጣጣ በር ላይ ይታይ ነበር፤ ሰልፉ ይረዝማል፣ ጸሐፊዋ ትቆጣለች፣ ይሁን እንጂ የተሰለፈ ሁሉ አስረክቦ ይመለሳል። ጽሑፍ በዲጂታል ማከማቻ በኩል በሚገባበት ተቋም ግን ሰልፉ አልቀረም፤ ከዓይን ተሰወረ እንጂ። ሠልጣኙ በስልኩ ስክሪን ላይ የምትሽከረከረውን ክብ እያየ «ገባልኝ? አልገባልኝም?» ሲል ያመሻል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሞላ መቀበያው ይዘጋል። በማግስቱ «እኔ እኮ በሰዓቱ ልኬያለሁ» ቢል ማን ያምነዋል?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የማይታይ ሰልፍ የት ላይ እንደሚፈጠርና ከመፈጠሩ በፊት እንዴት ሊታወቅ እንደሚችል ማስረዳት ነው። ሥራው በባለሙያዎች ዘንድ ሎድ ቴስት ይባላል፤ እኛ የጭነት ፍተሻ ብንለው ያስኬዳል። አዲስ ድልድይ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት አሸዋ የጫኑ ከባድ መኪናዎች ቆመውበት ይፈተሽ የለም? ይኸኛውም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ እዚህ በመኪናዎቹ ፈንታ የሚመጡት ሰው መስለው በር የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች መሆናቸው ነው።

ለመሆኑ ዲጂታል ማከማቻ ስንል ምን ማለታችን ነው? ባጭሩ የአንድ ተቋም ጽሑፎች ተሰብስበው የሚቀመጡበት፣ የሚፈለጉበትና የሚነበቡበት የኮምፒዩተር ቤተ መጻሕፍት ነው። በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው ሶፍትዌሮች አንዱ ዲስፔስ የሚባለው ነው፤ ኤም አይ ቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲና ሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ በጋራ ሠርተው በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሲሆን ማንም በነጻ ሊገለገልበት ይችላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመመረቂያ ጽሑፎቹን ያኖረው በዚሁ ነው። የቀድሞው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ያጸደቀው የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የተካሄዱ የዩኒቨርሲቲ ምርምሮች ውጤት በብሔራዊው አካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጥ ያዝዛል። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ዲስፔስን ከፍተን ብናየው ውስጡ አንድ ቁራጭ ሆኖ አናገኘውም። ፋይሎቹ የሚከማቹበት ጎተራ አለ። የደራሲው ስም፣ ርእሱና ዓመቱ የሚመዘገብበት ዳታቤዝ አለ። ሶልር የሚባል የፍለጋ ማውጫ አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሰባተኛው እትም ወዲህ ደግሞ ተጠቃሚው የሚያየው የፊት ገጽ ራሱን የቻለ ሌላ ፕሮግራም ሆኗል። ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ «ሰርቨሩ ከበደው» በተባለ ቁጥር የትኛው ክፍል ነው የከበደው ብሎ መጠየቅ ስለሚያስፈልግ ነው።

ክላውድ የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ትርጉሙ ደመና ቢሆንም ሰማይ ላይ የተሰቀለ ነገር የለም። የሌላ ሰው ሕንፃ ውስጥ ያለ፣ በሰዓት ወይም በወር ኪራይ የሚከፈልበት ማሽን ነው። ለእኛ ቀረብ ካሉት መካከል ማይክሮሶፍት በ2019፣ አማዞን ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ የከፈቷቸው ማእከሎች ይገኛሉ። «ክላውድ ላይ ነው፤ ታዲያ ምን ችግር አለ?» የሚል አባባል ስንሰማ ሰዎች ተከራዩ ያልከፈለበት ጉልበት ከየት እንደሚመጣ ያሰቡበት አይመስለንም። ሁለት ክፍል ቤት የተከራየ ሰው ሠርግ ሲደግስ ቤቱ በራሱ አይሰፋለትም። እርግጥ ነው፤ ክላውድ ላይ ጭነት ሲበዛ ተጨማሪ ማሽን እንዲነሣ አስቀድሞ ማዘዝ ይቻላል። ነገር ግን የፊት ገጹን በሁለትና በሦስት ማሽን ብናበዛው ሁሉም ተመልሰው የሚያንኳኩት ያንኑ አንዱን ዳታቤዝ ነው።

አሁን ወደ ሰልፉ እንምጣ። ብዙዎቻችን የምናስበው ሰው በእጥፍ ሲጨምር ጥበቃውም በእጥፍ ይጨምራል ብለን ነው። አይደለም። የምግብ ቤታችንን መስኮት አስቡ። አንድ ሰው ለማስተናገድ በአማካይ 15 ሰከንድ ይፈጃል እንበል፤ በደቂቃ 4 ሰው ማለት ነው። ሰዎች እንደየአጋጣሚው በደቂቃ በአማካይ 2 ቢመጡ አንድ ሰው ተሰልፎ፣ ተስተናግዶ እስኪወጣ በአማካይ 30 ሰከንድ ይወስድበታል። 3.2 ሰው ቢመጣ 75 ሰከንድ ይሆናል። 3.6 ሲሆን 150 ሰከንድ፤ 3.8 ሲሆን 300 ሰከንድ፣ ማለትም 5 ደቂቃ! ከ3.2 እስከ 3.8 ያለው ልዩነት በደቂቃ አንድ ሰው እንኳ አይሞላም፤ ጥበቃው ግን በአራት እጥፍ አደገ። ወጥ ቀጂዋ አልሰነፈችም፤ ከአራት ሰው በታች ስለመጣም መስኮቱ ገና ሙሉ በሙሉ አልተያዘም። የዚህ ዓይነት ስሌት አዲስ ነገር አይደለም፤ ኤርላንግ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሳለ ከ1909 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስልክ ጥሪዎችን ያሰላበት ትምህርት ነው። ሰርቨርም እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ምንም ያልደረሰበት ይመስልና በድንገት የሚንኮታኮተው በዚሁ ምክንያት ነው። የጭነት ፍተሻ የሚፈልገውም ያችን የመታጠፊያ ቦታ ነው።

ሌላም ቀላል ሕግ አለ። ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1961 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ሲሆን፣ በአንድ ቤት ውስጥ በአማካይ የሚገኘው ሰው ብዛት በሰከንድ የሚገባው ሰው እያንዳንዱ በሚቆይበት ሰከንድ ሲባዛ የሚገኘው ነው ይላል። በእኛው ጉዳይ እንሞክረው። 600 ሠልጣኞች አሉ፤ ከአምስት አንዱ የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ይጠብቃል እንበል (ይህ ግምት እንኳ ትሑት ነው!)። 120 ሰው በ600 ሰከንድ ውስጥ መጣ ማለት ነው። የእያንዳንዱ ፋይል 6 ሜጋባይት ቢሆንና የመላኪያው ፍጥነት በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢሆን አንዱን ለመላክ 48 ሰከንድ ይፈጃል። 120 ለ600 ተካፍሎ በ48 ሲባዛ 9.6 ይመጣል። ስለዚህ በማንኛውም ቅጽበት ወደ 10 የሚጠጉ ሰዎች በመላክ ላይ ናቸው። ይህ ለአንድ ሰርቨር ብዙ አይደለም። ነገር ግን ሁሉም ከአንድ ማደሪያ፣ በአንድ ዋይፋይ እየላኩ ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ የመጣው ሰው ሳይጨምር ውስጥ ያለው 20 ይሆናል። ዘገምተኛ መስመር ሰርቨሩ ላይም ቦታ ይዞ ይቆያል ማለት ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ የታከተው ሠልጣኝ «እስቲ እንደገና ልሞክር» እያለ ቁልፉን ደጋግሞ ይጫናል። ሰልፉ ራሱን በራሱ የሚያረዝመው ያኔ ነው።

ፍተሻው እንዴት ይካሄዳል? ለዚህ የተሠሩ ነጻ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ጄሜትር ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ የቆየ ነው፤ ሎከስት የሚባለው ደግሞ ፓይተን ለሚያውቅ ሰው ይቀላል። በእነዚህ አማካይነት ሰው ያልሆነ «ተጠቃሚ» ይፈጠራል፤ የመጀመሪያውን ገጽ ይከፍታል፣ ይፈልጋል፣ አንድ ጽሑፍ መርጦ ያወርዳል፣ አንዳንዱም አዲስ ጽሑፍ ያስገባል። ቁጥሩ ከ5 ተነሥቶ ወደ 10፣ ወደ 20፣ ወደ 50 ከፍ እየተደረገ እያንዳንዱ ጥያቄ በስንት ሰከንድ እንደተመለሰና ስንቱ ሳይመለስ እንደቀረ ይመዘገባል።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ፍተሻ የሚበላሸው። ሰው ያነባል። የጽሑፉን አጠቃሎ አንብቦ ወደሚቀጥለው ገጽ እስኪሄድ 30 ሰከንድ ያህል ይቆያል። ፕሮግራሙ ግን «ቆይ» ካልተባለ አይቆይም። ገጹ በግማሽ ሰከንድ ቢመለስለት በ30 ሰከንድ ውስጥ 60 ገጽ ይጠይቃል፤ ስለዚህ «50 ሰው አልቻለም» ተብሎ የተወቀሰው ሰርቨር በእውነቱ የ3,000 ሰው ጭነት ተጭኖበት ሊሆን ይችላል። የተገላቢጦሹም አለ። አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ የቀደመው ጥያቄ ሳይመለስለት ሌላ አይጠይቅም። ሰርቨሩ ሲዘገይ እርሱም አብሮ ይዘገያል፤ እጅግ ጨዋ ተጠቃሚ ነው! እውነተኛው ሰው ግን ሰርቨሩ ዘገየ ብሎ መምጣቱን አያቆምም። ስለሆነም ፍተሻው ሁለተኛ መልክ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም መልስ ቢመጣም ባይመጣም በየሰከንዱ የተወሰነ ቁጥር ያለው አዲስ ሰው እንዲገባ ማድረግ ነው። ደግሞም ሁሉም አንድ ጽሑፍ ብቻ ቢከፍቱ ማሽኑ ያንን በማስታወሻው ይዞት ስለሚመልስ ውጤቱ ያማረ ይመስላል። የተለያዩ ጽሑፎች ይከፈቱ፤ ፍለጋውም በአማርኛ ይሁን። ልዩ ማስተካከያ ካልተደረገለት የፍለጋ ማውጫው «ሥራ» እና «ስራ» ለየቅል ቃላት አድርጎ ነው የሚያያቸው፤ ያጣው ሰው ደግሞ በሌላኛው ፊደል ደግሞ ይፈልጋል። አንዱ ፈላጊ ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚስማማው ፍተሻ የኮምፒዩተር ቤተ ሙከራው ነው። መምህሩ «በሉ አሁን ክፈቱ» ሲሉ 40 ሠልጣኞች በአምስት ሰከንድ ውስጥ ይከፍታሉ። ዛሬ አንድ ገጽ ሲከፈት ከበስተጀርባው ብዙ ትናንሽ ጥያቄዎች ይሄዳሉ፤ 30 ናቸው ብንል 1,200 ጥያቄ፣ በሰከንድ 240 ሆነ። ይህን ሰርቨሩ ቻለው እንበል። ከዚያ ሁሉም ባለ 5 ሜጋባይቱን ጽሑፍ ያውርዱ፤ 200 ሜጋባይት ነው። የቤተ ሙከራው መስመር በሰከንድ 20 ሜጋቢት ከሆነ ሁሉ ነገር ቢቃና እንኳ 80 ሰከንድ ያስፈልጋል። ደቡብ አፍሪካ ያለው ማሽን በዚህ ጊዜ ሥራ ፈት ሆኖ ተቀምጧል። የበለጠ ትልቅ ማሽን ብንከራይ ከ80 ሰከንዱ አንዱም አይቀነስም። ስለዚህ ፍተሻው ሁለት ጊዜ ይደረግ የምንለው ለዚህ ነው፤ አንዴ እዚያው ክላውዱ ውስጥ ሆኖ የማሽኑን አቅም ለማወቅ፣ አንዴም ሰዎቹ ከሚቀመጡበት ወንበር ላይ ሆኖ የመስመሩን አቅም ለማወቅ። ብዙውን ጊዜ የሚደረገው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ለምን ቢባል ውጤቱ ስለሚያምር ይመስለናል።

ውጤቱ ሲቀርብም አማካይ ብቻ ከተነገራችሁ አትቀበሉ። ከ100 ሰዎች 95ቱ በ0.4 ሰከንድ ቢስተናገዱና 5ቱ 30 ሰከንድ ቢጠብቁ አማካዩ 1.88 ሰከንድ ነው። «ከሁለት ሰከንድ በታች» ተብሎ በሪፖርት ላይ ይጻፋል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። እነዚያ አምስቱስ? የክፍል ፈተና አርመን አማካዩ 60 ወጣ ብለን የወደቁትን ልጆች አንረሳም። ስለዚህ «ከ100 ሰው 95ኛው ስንት ሰከንድ ጠበቀ? 99ኛውስ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጠባቡን በር ስለ ማግኘት ጥቂት እንበል፤ ፍተሻው ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነውና። የዲስፔስን ጥያቄዎች የሚቀበለው ቶምካት የተባለው ፕሮግራም እንዳለ ከተተወ በአንድ ጊዜ 200 ጥያቄ ድረስ ያስተናግዳል። ሰባተኛው የዲስፔስ እትም ግን እንዳለ ከተተወ ወደ ዳታቤዙ የሚከፍተው መስመር 30 ብቻ ነው። 200 አስተናጋጆች ትዕዛዝ ይቀበላሉ፤ ወደ ጓዳ የሚያስገባው በር ግን ባንዴ 30 ብቻ ያሳልፋል። የቀሩት በሩ ላይ ትሪ ይዘው ቆመዋል። በዚህ ጊዜ የማሽኑን አንጎል ብትመለከቱ ሩቡ እንኳ ሥራ ላይ ላይሆን ይችላል። ይህን ያላወቀ ሰው «ማሽኑ አነሰ» ብሎ እጥፍ ኪራይ ይከፍላል፤ በሩ ግን ያው 30 ነው። ታዲያ 30ውን 300 ማድረግ ነው? እሱም አይሆንም፤ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ራሱ እንዳለ ከተተወ የሚቀበለው 100 ሲሆን፣ እያንዳንዱ መስመር ደግሞ ማስታወሻ ይበላል። ጥቂት ጨምሮ እንደገና መፈተሽ፣ ጥቂት ጨምሮ እንደገና መፈተሽ ነው የሚያዋጣው። ሥራው አሰልቺ ነው፤ አይካድም።

የክላውድ የራሱ የሆነ አንድ ወጥመድም አለ። አንዳንድ የኪራይ ዕቃዎች ለአጭር ጊዜ ከአቅማቸው በላይ እንዲሮጡ የሚፈቅድ ቁጠባ ይሰጣቸዋል። ለምሳሌ የአማዞን ጂፒ2 የሚባለው የቀድሞ ዓይነት ዲስክ 100 ጊጋባይት ቢሆን መደበኛ ፍጥነቱ በሰከንድ 300 የንባብና የጽሕፈት ሥራ ነው፤ ቁጠባው እስካለ ድረስ ግን 3,000 ድረስ ይሮጣል። ሙሉ ቁጠባ ሳያቋርጥ ለሮጠ ዲስክ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። የ10 ደቂቃ ፍተሻ ታዲያ ምን ያሳያል? የሯጩን የመጀመሪያ ዙር ብቻ! የማስረከቢያዋ ሌሊት አራትና አምስት ሰዓት ስለምትዘልቅ ፍተሻውም ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዓት መዝለቅ አለበት።

ደግሞ በሩን የሚያንኳኳው ሰው ብቻ አይደለም። ድረ ገጽ እየዞሩ የሚለቅሙ ቦቶች አሉ፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ከተስፋፋ ወዲህ ቁጥራቸው በዝቷል። የክፍት ማከማቻዎች ዓለም አቀፍ ኮንፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. አባሎቹን ጠይቆ ከመላሾቹ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ኃይለኛ ቦቶች እንደሚያስቸግሯቸው ነግረውታል። ስለዚህ የፍተሻው ጭነት ከዜሮ አይነሣም፤ ቦቶቹ እየለቀሙ ሳለ ሠልጣኞቹ ሲመጡ ምን ይሆናል ብሎ ነው መነሣት ያለበት።

የቁጥር ፍተሻ ብቻውን እንደማይበቃ አውስትራሊያ በ2016 እ.ኤ.አ. አይታለች። የስታቲስቲክስ ቢሮዋ የሕዝብ ቆጠራውን በኢንተርኔት ሊያካሂድ ሲዘጋጅ ሥርዓቱ በሰዓት 1,000,000 ቅጽ እንደሚችል፣ ይህም ይጠበቅ ከነበረው እጥፍ እንደሆነ አስታውቆ ነበር። ኦገስት 9 ቀን ማታ ሰዉ ቅጹን በሚሞላበት ሰዓት መጠኑ ያን ያህል ያልሆነ ሆን ተብሎ የተደረገ የማጨናነቅ ጥቃት ደረሰ፤ አንድ ራውተር ወደቀ፤ እንደገና ሲነሣም በትክክል አልሠራም፤ ገጹ ለ40 ሰዓት ያህል ተዘጋ። ሚሊዮኑ ተፈትሾ ነበር፤ የራውተሩ መውደቅና መነሣት ግን በሚገባ አልተፈተሸም። በ2021 ቆጠራው በክላውድ ላይ ተካሂዶ ያለ እንዲህ ያለ መቋረጥ ተጠናቋል።

ለመሞከር የተነሣሣ ሠልጣኝ ቢኖር አስቀድሞ ማወቅ ያለበት አለ። የሌላ ተቋም ሰርቨር ላይ ያለ ፈቃድ የጭነት ፍተሻ ማድረግ ፍተሻ አይባልም፤ ጥቃት ነው። በራሳችን ላይ ስናደርግም የአከራዩን ደንብ ማየት ይገባል፤ ከማሽኑ የሚወጣ መረጃም በጊጋባይት ስለሚከፈልበት የማውረድ ፍተሻ ሒሳብ ያመጣል። ሥራ ላይ ባለው ማከማቻ ላይ ደግሞ ማስገባትን አትፈትሹ። የሙከራ ጽሑፍ ተቀባይነት ባገኘ ቁጥር ቋሚ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የንባብ ቆጠራውም በሐሰተኛ አንባቢ ያብጣል፤ ይባስ ብሎም ጽሑፍ በገባ ቁጥር ለገምጋሚው ኢሜይል ይላካል። 500 የሙከራ ጽሑፍ ላስገባ ሰው 500 ኢሜይል የደረሳቸው መምህር ምን እንደሚሉት እናንተው ገምቱት። ማከማቻውን ቀድቶ ሌላ ማሽን ላይ ለጥቂት ሰዓት ማስነሣት ነው የሚሻለው፤ ክላውድ በእውነት የሚመሰገነው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው፤ ፍተሻው ሲያልቅ ማሽኑ ይመለሳል፣ ኪራዩም ይቆማል።

በፍተሻው መሐል ሆን ብላችሁ መስመሩን አቋርጡና ደግሞ አንድ ነገር እዩ። ፋይሉ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረበት ሠልጣኝ ስክሪኑ ላይ ምን ይነበባል? ዝም ብሎ ክቧ ትሽከረከራለች ወይስ «አልገባም፤ እንደገና ላክ» ይለዋል? ሲገባለትስ ሰዓቱ የተጻፈበት ደረሰኝ ያገኛል? የሞላው ርእስና አጠቃሎ በረቂቅነት ተቀምጦ ይጠብቀዋል ወይስ ከመጀመሪያው ይጀምራል? ይህ በሰንጠረዡ ላይ በሰከንድ አይገለጽም፤ ነገር ግን በማግስቱ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የሚያከራክረው እሱ ነው።

ያለ ምንም ኪራይ ጭማሪ ሊደረግ የሚችልም አለ። ከላይ ያልናቸው 600 ሠልጣኞች በስድስት የትምህርት ክፍል ቢመደቡና እያንዳንዱ ክፍል የራሱ የማስረከቢያ ቀን ቢኖረው፣ ሰዓቱም ከሌሊቱ ስድስት መሆኑ ቀርቶ ባለሙያው ቢሮ በሚገኝበት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ቢሆን፣ በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች የሚመጣው ከ120 ወደ 20 ይወርዳል፤ በአንድ ቅጽበት በመላክ ላይ ያሉትም ከ10 ወደ 2 ያነሱ ይሆናሉ። የመርሐ ግብሩ ሰሌዳ የሚለጠፈው እዚሁ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ለማስተካከል የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት ነው።